የጀማሪ ሹፌር መከታተያ ሣጥን፦ ከአምስት ኮከብ ሦስት፣ እሱንም እያመነታሁ

ባጭሩ ልጀምር። ዕቃው ይሠራል። ግን ሰው ሁሉ ለሚገዛበት ዋና ጉዳይ አይደርስም።

የማወራው ከመሪው ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ ስለሚሰካው የወጣት ሹፌሮች መከታተያ ነው። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ጥቁር ሣጥን ነው። ውስጡ ጂፒኤስ፣ ሲም ካርድና መኪናው ሲያፈጥን፣ ፍሬን ሲይዝና ሲታጠፍ የሚለካ ሴንሰር አለው። ከዚያ አፕ ይጫናል፣ አንዱ በወላጅ ስልክ፣ አንዱ በልጅ ስልክ። የብራንዱን ስም አልጠራም። አብዛኞቹ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሆነ የምለው ለሌሎቹም ይሆናል።

ለምን ገዛሁት? ልጄ መንጃ ፈቃድ አወጣች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚያው ሰሞን «ወጣት ሹፌሮች በሌሊት እንዳይነዱ፣ ጓደኛ እንዳይጭኑ በሕግ ይከልከሉ» የሚለው ክርክር ጦፎ ነበር፤ አንዱ ወገን ልጆቹ እያለቁ ነው ይላል፣ ሌላው የጥቂቶችን ጥፋት ለምን ሁሉም ይሸከማል ይላል፣ መሃል ላይ ያለው ደግሞ «ሕግ ምን ያደርጋል፣ ቴክኖሎጂ እያለ? እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ልጅ ይቆጣጠር» ይላል። ይሄ የመጨረሻው ደስ አለኝና እስቲ ልሞክረው አልኩ። ስለዚህ እዚህ የምገመግመው ዕቃውንም ያንን ሐሳብም ነው።

ገጠማው ላይ ቅሬታ የለኝም። ሶኬቱ ከ1996 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ግዴታ ሆኗል፣ አሁን ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ጎንበስ ብሎ መፈለግ፣ መሰካት፣ ሞተር ማስነሳት፣ አፑ እስኪያገኘው መጠበቅ፣ አለቀ። መካኒክ አያስፈልግም። ግን ረጅም እግር ያለው ሰው ሲገባና ሲወጣ በጉልበቱ ይነካዋል፣ ሲላላ አፑ ለወላጅ «መሣሪያው ተነቅሏል» ብሎ ይልካል፣ ከዚያ ምንም ያላደረገች ልጅ «ለምን ነቀልሽው?» ትባላለች። መኪናው ለብዙ ቀን ከቆመም ሣጥኑ ባትሪ መጥባቱን አይተውም። ያረጀ ባትሪ ካላችሁ አንድ ጠዋት አልነሳም ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ነጥቡ። አፑ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። ከገደብ በላይ ከነዳህ ይቀንሳል። ድንገት ፍሬን ከያዝክ ይቀንሳል። ከቆምክበት ተወርውረህ ከተነሳህ፣ ወይም ጥምዝ ላይ በፍጥነት ከታጠፍክ ይቀንሳል። እየነዳህ ስልክ ከነካካህ ደግሞ በብዙ ይቀንሳል፣ እዚህ ላይ እጄን አንስቼ አጨበጭባለሁ። ሐሳቡ ስህተት የለውም። ፍሬን የሚያበዛ ሹፌር ብዙውን ጊዜ ርቀት የማይጠብቅ፣ ከፊቱ የሚሆነውን ቀድሞ የማያይ ሹፌር ነው።

ችግሩ ሣጥኑ ዓይን የለውም። አንድ ቀን ልጄ ከቆሙ መኪኖች መሃል ሮጦ የወጣ ሕፃን አይታ ፍሬን ያዘች። በደንብ ያዘች፣ መሪ ሳትጥል፣ ቀጥ አድርጋ። አጠገቧ ነበርኩ፣ እኔ ብሆን በዚያ ፍጥነት እይዝ ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም። ቤት ስንደርስ ነጥቧ ወርዷል። ቀይ ምልክት፣ «አደገኛ ፍሬን»፣ ከሥሩም «ረጋ ብለው ይንዱ» የሚል ምክር።

ስልኩን አየችና «አባዬ፣ ባልይዝ ይሻል ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? አፑ ላይ የሆነውን የምታስረጂበት ቦታ የለም። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ፣ ነጥቡ በኮምፒውተር ስለሚሰላ በሰው እጅ አይስተካከልም የሚል ትሁት መልስ መጣ። ይሄ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ቢጫ መብራት ላይ ማቆም የምትችልበት ቦታ ላይ ነጥብ እንዳይቀነስባት ብላ ማለፍ ጀመረች። ማሽኑ የሚለካውን ነገር ነው ሰው የሚያሻሽለው፣ ያውም ወጣት፣ ያውም ከጓደኞቿ ጋር ነጥብ የምትወዳደር።

የፍጥነት ገደቡ የሚመጣው ከካርታ ነው። ካርታው ሲያረጅ ወይም ጂፒኤሱ ከዋናው መንገድ ጎን ያለውን የውስጥ መንገድ ሲመርጥ፣ በሕጉ እየነዳች «ከገደብ በላይ» ትባላለች። ሲደጋገም ማስጠንቀቂያውን ማንም አያምነውም። አልፈዋለሁ።

የሌሊት ቁጥጥሩ ይሻላል፣ ግን እሱም ጣጣ አለው። አፑ ላይ የሰዓት ገደብ ማስገባት ይቻላል። እኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት አደረግኩት። ከኪሴ ያወጣሁት ሰዓት አይደለም፣ ከኒውዚላንድ የወሰድኩት ነው። ኒውዚላንድ በ1987 መንጃ ፈቃድን በደረጃ መስጠት ጀመረች፣ መጀመሪያ ለማጅ፣ ቀጥሎ የተገደበ፣ ከዚያ ሙሉ። የተገደበ ፈቃድ ያለው ሰው በነዚያ ሰዓታት ብቻውን አይነዳም። ሌሎች አገሮች ቆየት ብለው የየራሳቸውን አመጡ፤ አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ በ1996 የመጀመሪያዋ ነበረች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሌሊት የሚነዳው ኪሎሜትር ጥቂት ሆኖ የሚደርሰው ሞት ግን ከድርሻው በላይ ነው፤ አይታይም፣ ድካም አለ፣ መንገዱ ባዶ ስለሆነ እግር ይከብዳል፣ መኪናው ውስጥ ያለው ጨዋታም የቀኑ ዓይነት አይደለም።

ተቃዋሚዎቹም ዝም ብለው አይደለም የሚጮኹት። የማታ ፈረቃ የሚሠራ ወጣት አለ። አውቶቡስ የማይደርስበት የሚኖር አለ። ማታ የሚማር አለ። ለዚህ ነው አብዛኞቹ ሕጎች ለሥራ፣ ለትምህርትና ለድንገተኛ ሕመም በር የሚተዉት። ሣጥኑ ግን በር አያውቅም፣ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው። ልጄ አንዲት ጓደኛዋ ታማ ሐኪም ቤት ስታደርሳት አፑ ለእኔ በየደቂቃው «የሰዓት ገደብ ተጥሷል» እያለ ይጮህ ነበር።

የባሰው ቆጠራው ነው። ገደቡ ሊደርስ ሲል አፑ ለሹፌሯ «15 ደቂቃ ቀርቷል» ብሎ ይልካል። እየነዳች ላለች ልጅ! የጉዞ ታሪኩን ከፍቼ ሳየው በሳምንቱ ውስጥ በጣም የፈጠነችባቸው ቦታዎች ከ4 ሰዓት በፊት ያሉት ደቂቃዎች ሆነው አገኘሁ። ከሌሊት አደጋ እንዲጠብቃት የገዛሁት ነገር ያስቸኩላት ጀመር። «4 ሰዓት ላይ ካልገባሁ» የሚለውን ትቶ «ከ4 ሰዓት በኋላ ጉዞ አይጀመርም» የሚል አማራጭ ቢኖረው ይሄ ሁሉ ይቀር ነበር። የለውም። ሠሪዎቹ ይሄን የምታነቡ ከሆነ አንድ መስመር ኮድ ነው እባካችሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ተሳፋሪ።

ስለ ወጣት ሹፌሮች ትንሽ ያነበበ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ሹፌር እኩያውን ሲጭን የመሞት አደጋው ይጨምራል፣ ሁለት ሲጭን ይብሳል፣ ሦስት ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ትልቅ ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ግን ይቀንሳል። ለዚህ ነው ኒውዚላንድ የተገደበ ፈቃድ ያለውን ብቻውን ሲሆን ተሳፋሪ እንዳይጭን የከለከለችው፤ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያም ከ2008 ጀምሮ በመጀመሪያው ዓመት ላይ ያለ ጀማሪ ዕድሜው ከ16 እስከ 21 የሆነ ተሳፋሪ ከአንድ በላይ እንዳይጭን አዘዘች፣ ወንድምና እህትን ሳይጨምር።

ሣጥኑ ደግሞ ስንት ሰው መኪናው ውስጥ እንዳለ አያውቅም። ጨርሶ። አምስት ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጦ፣ ሙዚቃው ጣሪያ እያስነቀለ፣ ልጅቱ ግን በገደቡ ውስጥ ለስላሳ አድርጋ ከነዳች ነጥቧ መቶ ነው። የፍጥነት፣ የፍሬን፣ የመታጠፍ ግራፍ አለ፤ ከሁሉ የከፋውን አደጋ የሚያሳይ ግራፍ ግን የለም። ማስታወቂያው ላይ ይሄ አልተጻፈም፣ ለምን እንዳልተጻፈ ይገባኛል።

እርግጥ የተሳፋሪ ክልከላውም አከራካሪ ነው። ተቃዋሚዎቹ የሚሉትን ስሙት። አራት ወጣቶች ከግብዣ ሊመለሱ ነው። አንዷ አልጠጣችም፣ ሦስቱን ይዛ ትግባ? ወይስ አራቱም በአራት መኪና፣ አራት ጀማሪ ሹፌር ሆነው መንገድ ላይ ይውጡ? ይሄ ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም፣ አለው የሚል ሰው ካለ ልጅ አላሳደገም። እኔ ግን ሚዛኑ ወደ ክልከላው ያደላል ባይ ነኝ። አብዛኛው ጉዞ አንድ ሰው በኃላፊነት ጓደኞቹን የሚያደርስበት አይደለም። ዝም ብሎ መዞር ነው፣ ሁላችንም አድርገነዋል።

ይሄን እንድል ያደረገኝ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር የገጠማት ነገር ነው። ከትምህርት በኋላ ሁሉም ወደ መኪናዋ ይመጣሉ። እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ታዲያ አንድ ሰበብ አገኘች፤ «አባቴ የገጠመው ነገር ስንት ሰው እንደጫንኩ ይናገራል» አለቻቸው። ውሸት ነው፣ ሣጥኑ እንደዚያ አያውቅም። እነሱ ግን አመኑ። እስካሁን ድረስ ይህ ዕቃ በቤታችን የሠራው ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፣ ባላደረገው ነገር።

ሰበቡ ግን ዋጋ ነበረው። ለመኪናዋ ስም አወጡላት፣ «ጣቢያው» አሏት፣ የፖሊስ ጣቢያ ማለታቸው ነው። እኔን ደግሞ ኮማንደር። ስሰማ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም። «ሕግ ቢሆን ኖሮ የሁላችንም ይሆን ነበር፣ አሁን የኔ ብቻ ነው» አለች።

በክርክሩ ላይ ከሰማሁት ሁሉ ይሄን ያህል የገባኝ የለም። ሕጉ በተሠራበት ቦታ ጀማሪው «አይፈቀድልኝም» ይላል፣ ጓደኞቹም ያውቁታል፣ እነሱም ራሳቸው አይፈቀድላቸውም፣ ማንም በማንም አይስቅም። ሣጥኑ ሲሆን ግን ልጅቷ ብቻዋን የተለየች፣ አባትየው ብቻውን ክፉ ይሆናል። ቤት ውስጥ አባትና ልጅ የነበርነው ተቆጣጣሪና ቁጥጥር የሚደረግባት ሆንን፤ እራት ላይ የምናወራው ስለ ቀኗ መሆኑ ቀርቶ ስለ ማክሰኞ ጥምዝ ሆነ። «እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ይቆጣጠር» የሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ይረሳሉ፤ ይህን ሣጥን ገዝቶ የሚሰካ ወላጅ ድሮም የሚጨነቅ ወላጅ ነው። ልጁ ከማን ጋር የት እንደሚነዳ የማይጠይቅ ወላጅ ሣጥን አይገዛም። የኔ ልጅ ነጥቧ መቶ ሆኖ መስቀለኛ መንገድ ላይ የምትገናኘው ከዚያኛው ልጅ ጋር ነው።

ሕግ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ዕድሜ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሕግ ቀዳዳ አለው። በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጠንካራ ገደብ ባለባቸው ግዛቶች በ16 ዓመት ሹፌሮች ላይ ገዳይ አደጋ ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ አገኘ፤ በ18 ዓመቶቹ ላይ ግን 12 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ነበር። አንዱ ግምት ወጣቶቹ ገደቡ እስኪያልፍ ጠብቀው በ18 ዓመታቸው ያለ ልምምድ ይጀምራሉ የሚል ነው። ስለዚህ ገደቡ አዲስነትን ይከተል፣ ልደትን አይከተል። ጀርመን ጀማሪን ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ሁለት ዓመት በሙከራ ታቆየዋለች፤ ብሪታንያም ከ1997 ጀምሮ በመጀመሪያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት የጥፋት ነጥብ ያጠራቀመን ሰው ፈቃዱን ትሰርዝበታለች፣ የአርባ ዓመት ሰውም ቢሆን። ይሄ «ወጣት ስለሆንኩ ነው» የሚለውን ኩርፊያ ያስቀራል።

ማስከበሩም ቀላል አይደለም። ፖሊስ በሌሊት የሹፌር ዕድሜ በመስኮት አያነብም፤ ለዚህ ነው ጀማሪ መሆኑን የሚናገር ፊደል፣ አውስትራሊያ መኪናው ላይ «ፒ»፣ ፈረንሳይ «ኤ»፣ አየርላንድ «ኤን» የሚያስለጥፉት። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ በ2010 ለጀማሪ ወጣቶች ቀይ ምልክት ስታዝ ወላጆች ልጆቻችንን ለክፉ ሰው ዓይን ማጋለጥ ነው ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፣ በ2012 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸናው። ፍርሃቱን አልንቅም። ግን ሣጥኑም ልጅቷ የት እንዳለች በየሰከንዱ ለማናውቀው ኩባንያ ይናገራል፣ ስለዚህኛው ፍርድ ቤት የሄደ ወላጅ አላየሁም።

ይሄው መረጃ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ውሉን አንብቡት፣ ረጅም ነው፣ ግን አንብቡት። የኔው «ለአጋሮቻችን ልናካፍል እንችላለን» ይላል፣ አጋሮቹ እነማን እንደሆኑ አይልም። በ2024 አሜሪካ ውስጥ የመኪና አምራቾች የደንበኞቻቸውን የአነዳድ መረጃ ለመረጃ ነጋዴዎች ሲያስተላልፉ፣ እሱም ኢንሹራንሶች ዘንድ ደርሶ የሰው ክፍያ ሲጨምር መኖሩ ተጋልጦ ብዙ ጉድ ተወርቷል። የ18 ዓመት ልጅ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሰው ናት። አፑ የእሷን ፈቃድ አንዴም አልጠየቀም፣ የኔን ብቻ ጠየቀ። እኔ ጠየቅኳት። አፑ ስላላስገደደኝ ሳይጠይቁ የሚገጥሙ ብዙ እንደሚሆኑ እገምታለሁ።

መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ፣ ሣጥኑን ትታችሁ መኪናው ውስጥ አብሮ የሚመጣውን እዩ። ፎርድ በ2008 አስተዋውቆ ከ2010 ሞዴሎቹ ጀምሮ ያስገባው «ማይ ኪ» ለልጅ የተለየ ቁልፍ ያዘጋጃል፤ የላይኛው ፍጥነት ይገደባል፣ የድምፁ መጠን ይወርዳል፣ ቀበቶ ካልታሰረ ሬዲዮው ዝም ይላል። ከዚህ ሁሉ የምወደው የመጨረሻውን ነው። ሳይሰልል፣ ሳይዘግብ፣ ሳይመክር፣ በሙዚቃ ብቻ ቀበቶ ያሳስራል። ሼቭሮሌ በ2016 ማሊቡ ላይ ያመጣው ደግሞ ሪፖርቱን መኪናው ስክሪን ላይ ያስቀምጣል፣ ወላጅ በሚስጥር ቁጥር ከፍቶ ያየዋል። ለማየት መኪናው ጋ መሄድ አለብህ፣ ስትሄድ ልጁን ትጠራዋለህ፣ ስትጠራው ታወራላችሁ። ስልክ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ከሚውል ነገር ይሄ በብዙ ይሻላል። የተሳፋሪ ነገር ግን እነዚህም ዘንድ መፍትሔ የለውም።

የፍጥነት ገደቡን በተመለከተ ግን ጠንቀቅ በሉ። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ የመጀመሪያ ደረጃ ጀማሪን በ90 ኪሎሜትር ትወስነዋለች፣ ፈረንሳይ ሌላው 130 በሚነዳበት አውራ ጎዳና ጀማሪውን 110 ላይ ታቆመዋለች። ሁሉም በሚበርበት መንገድ አንዱ ብቻ ሲያዘግም ከኋላ የሚደርበው ይበዛል የሚሉ አሉ፣ ነዳጅ እየሰጠህ መኪናው እምቢ ሲል ደግሞ ጭንቅ ነው። በቁልፍ የምትገድቡ ከሆነ ልጁ መንገድ ላይ ወጥቶ ከማየቱ በፊት አብራችሁ ሞክሩት።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ልጁ ራሱ ከተስማማ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ፣ የስልክ ንክኪውን ክፍል ለማወቅ ከሆነ ግዙ። አደጋው ከሁሉ የሚበዛው በነዚያ ወራት ነው፣ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በሚሞትበት መንገድ ላይ፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ከበሽታ ሁሉ በልጦ ቀዳሚ ገዳይ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት በነገረን መንገድ ላይ፣ ምንም ከማድረግ ይሄ ይሻላል። ማሳወቂያውን በሙሉ አጥፉትና በሳምንት አንዴ አብራችሁ ክፈቱት። ነጥቡን አትዩት፣ ጉዞዎቹን እዩና «እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕጉን የሚተካ መስሏችሁ ግን አትግዙት፣ ጓደኛ ጭኖ ሲዞር አይነግራችሁም።

ሦስት ኮከብ። አንዱን ያጣው በተሳፋሪው፣ ሌላውን በ«15 ደቂቃ ቀርቷል»።

ማቋረጥ ስትፈልጉ ደግሞ ሣጥኑን መንቀል ብቻውን አይበቃም። እኛ ከነቀልነው በኋላ የልጄ ስልክ ላይ ያለው አፕ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ስትሄድ እንኳ እየመዘገበ ነጥብ ይሰጣት ነበር፣ ባለታክሲው 61 አግኝቷል። መጀመሪያ አካውንቱን አስሰርዙ፣ መረጃው እንዲጠፋ በጽሑፍ ጠይቁና ማረጋገጫ እስኪልኩላችሁ ጠብቁ፣ ከዚያ አፑን ከሁለቱም ስልክ አውጡ።